የደራሲው ሐቅና የዓይነ ስውሩ አንባቢ ድርሻ፦ ከፊቅህ ቃዒዳዎች እስከ ማራካሽ ስምምነት

መግቢያ

ቁርኣንን በቃሉ የያዘ፣ የፊቅህና የነህው መትኖችን ከሸይኹ አፍ እየሰማ ያጠና አንድ ዓይነ ስውር ደረሳ እናስብ። በመትን ሒፍዝ ከጓደኞቹ አያንስም፤ ብዙ ጊዜም ይበልጣቸዋል። ወደ ሸርሑና በየጊዜው ታትመው ወደሚወጡት የአማርኛ ኪታቦች ሲያልፍ ግን በሰው ዓይን ላይ ጥገኛ ይሆናል። አንባቢ ሲያገኝ ይማራል፤ ሲያጣ ይቀመጣል። ኪታቡን በብሬል ለማስገልበጥ ወይም በድምፅ ለማስቀዳት ቢነሣ ደግሞ ከሽፋኑ ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ ያለ ደራሲው ፈቃድ በማናቸውም መንገድ ማባዛት ክልክል መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ዓረፍተ ነገር ይገጥመዋል።

ያን ማስጠንቀቂያ ያስጻፈው ደራሲም በደለኛ አይደለም። ዓመታት ደክሞ አዘጋጅቷል፤ የማሳተሚያውን ወጪ ከኪሱ ወይም በብድር ሸፍኗል። መጽሐፉ ለገበያ ቀርቦ ብዙም ሳይቆይ ገጾቹ ፎቶ ተነሥተው በቴሌግራም ሲዘዋወሩ ሲያይ የልፋቱ ዋጋ ከእጁ እንደወጣ ይሰማዋል። ስለዚህ አጥሩን ያጠብቃል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የእነዚህን የሁለት ሰዎች ሐቅ ነው። ሁለቱም ሐቅ አላቸው ብለን እንነሣለን። ፊቅህ ባስቀመጣቸው መስፈርቶች ስንመዝነው፣ የደራሲው ሐቅ የታወቀና የተከበረ ቢሆንም፣ መጽሐፉን ዓይነ ስውሩ ሊያነበው ወደሚችለው መልክ መለወጥ ያን ሐቅ እንደማይነካው፣ ይልቁንም ደራሲው ሊከለክል የማይገባው ጉዳይ እንደሆነ ለማሳየት እንሞክራለን። ይህ እንዲሆን ግን በሁለቱም ወገን መጠበቅ ያለባቸው ወሰኖች አሉ።

ዓይነ ስውራን በዕውቀት ታሪካችን

ዓይነ ስውር የዕውቀት ባለድርሻ መሆኑን የሚያስረዳው የመጀመሪያው ማስረጃ ራሱ ቁርኣን ነው። ሰማንያኛው ሱራ፣ ሱረቱ ዐበሰ፣ የወረደበትን ሰበብ ሙፈሲሮች ሲተነትኑ፣ ዓይነ ስውሩ ሰሓባ ዐብደላህ ኢብን ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ.) ለመማር ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጣ ጊዜ ነቢዩ ከቁረይሽ ታላላቆች ጋር ንግግር ይዘው እንደነበር ይገልጻሉ። ወቀሳው የመጣው ሊማር ለመጣው ሰው ወገን ነበር። ይህ ሰሓባ በኋላ በመዲና ሙአዚን ሆኗል፤ ነቢዩም ለዘመቻ ሲወጡ በተደጋጋሚ መዲናን በእርሱ ኃላፊነት ትተው ሄደዋል።

ከዚያ በኋላ በመጣው የዕውቀት ታሪክ ዓይነ ስውራን ዑለማእ ብዙ ናቸው። የሐዲሱ ኢማም አት-ቲርሚዚ (በ279 ሂጅራ የሞቱ) በዕድሜያቸው ማምሻ ዓይናቸውን አጥተዋል። በሰባቱ ቂራኣት ትምህርት እስከ ዛሬ መሠረት የሆነውን «ሒርዙል አማኒ»ን በ1173 ስንኞች ያዘጋጁት ኢማም አሽ-ሻጢቢ (538–590 ሂጅራ) ዓይነ ስውር ነበሩ። ሰላሑዲን አስ-ሰፈዲ (በ764 ሂጅራ የሞቱ) «ነክቱል ሂምያን» በተባለው ሥራቸው የዓይነ ስውራን ሊቃውንትን የሕይወት ታሪክ ለብቻው ሰብስበዋል።

ሰፈዲ ከጠቀሷቸው መካከል ለጉዳያችን ቅርብ የሆኑት በባግዳድ የኖሩት የሐንበሊ መዝሀብ ዓሊም ዘይኑዲን አል-ኣሚዲ ናቸው። ኣሚዲ መጻሕፍት ይነግዱ ነበር። አንድ ኪታብ ሲገዙ ስስ ወረቀት እየጠመዘዙ በአብጀድ ቁጥር ዋጋውን የሚያመለክቱ ፊደላትን ይሠሩና በኪታቡ ሽፋን ውስጥ ይለጥፏቸዋል፤ እንዳይነቀሉም በላያቸው ሌላ ወረቀት ያለብሷቸዋል። የኪታቡን ዋጋ ሲዘነጉ ቦታውን በጣታቸው ዳብሰው ያውቁታል። ይህ የሆነው ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል እ.ኤ.አ. በ1829 የነጥብ ጽሕፈቱን ከማሳተሙ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው።

ዓይነ ስውራን በዚያ ዘመን እንዲህ ሊራመዱ የቻሉት በግል ብልኅነታቸው ብቻ አልነበረም። የትምህርቱ ሥርዓት ራሱ በጆሮ ላይ የቆመ ነበር። ኪታብ በሸይኽ ፊት ይነበባል፤ ደረሳው ይሰማል፤ መስማቱም ተመዝግቦ ኢጃዛ ይሰጠዋል። ሰማዕ ከታወቁት የዕውቀት መቀበያ መንገዶች ቀዳሚው ነበርና ዓይን ያለውም የሌለውም በአንድ በር ይገቡ ነበር። የማተሚያ መኪና መጥቶ ኪታቡ ከሸይኹ ሐልቃ ወጥቶ ለብቻ በዝምታ የሚነበብ ዕቃ ሲሆን ግን ለዓይነ ስውሩ ያ በር ጠበበ። የምንነጋገርበት ጉዳይ እንግዲህ አዲስ ልዩ መብት የመፍጠር ጉዳይ አይደለም፤ ቀድሞ የነበረውን በር መልሶ የመክፈት ጉዳይ ነው።

የደራሲ ሐቅ በፊቅህ

ቀደምት ፉቀሃእ ስለ ደራሲ የገንዘብ ሐቅ በዛሬው መልክ አልተነጋገሩም። መጽሐፍ የሚባዛው በእጅ ስለነበረ ዋጋው የወረቀቱና የጸሐፊው ድካም ነበር። ሆኖም ሁለት ነገሮችን አጥብቀው ጠብቀዋል። አንደኛው ንግግርን ለባለቤቱ ማስጠጋት ነው፤ የሌላውን ሥራ የራስ አድርጎ ማቅረብ ዓሊሙን ከዑለማእ ተርታ የሚያወጣ ነውር ነበር። ሁለተኛው የጽሑፉ ደኅንነት ነው፤ ግልባጭ ከዋናው ጋር ተነጻጽሮ ሳይታረም፣ ማለትም ሙቃበላ ሳይደረግለት፣ እምነት አይጣልበትም ነበር። ዛሬ ሕግ የደራሲ የሞራል መብት የሚለው በአብዛኛው ይኸው ነው።

በገንዘብ ሐቁ ላይ የዘመናችን ዑለማእ ተከራክረዋል። ያልተቀበሉት ወገኖች ዕውቀትን መደበቅ በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ በተዘገበው ሐዲስ ብርቱ ዛቻ የመጣበት መሆኑን ያነሣሉ። የማሊኪው ዓሊም አል-ቀራፊ (በ684 ሂጅራ የሞቱ) ኢጅቲሃድና መሰል የአእምሮ ችሎታዎች እንደ ንብረት አይወረሱም ማለታቸውንም ይጠቅሳሉ። የተቀበሉት ደግሞ ቀራፊ የተናገሩት ከሰውየው ጋር ስለሚቀረው ችሎታ እንጂ ከእርሱ ተለይቶ በወረቀት ላይ ስለሰፈረው ፍሬ አይደለም ብለው ይመልሳሉ። ቡኻሪ ከኢብን ዐባስ በዘገቡት ሐዲስ በአላህ ኪታብ ላይ እንኳ ዋጋ መቀበል መፈቀዱንም ያስታውሳሉ።

ክርክሩ ሚዛን ያገኘው የዓለም አቀፉ እስላማዊ የፊቅህ አካዳሚ በ1409 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1988) በኩዌት ባደረገው አምስተኛ ጉባኤው ነው። አካዳሚው በውሳኔ ቁጥር 43 የንግድ ስም፣ የንግድ ምልክት፣ የድርሰትና የፈጠራ ሐቆች የባለቤቶቻቸው እንደሆኑ፣ በዘመኑ ዑርፍ የገንዘብ ዋጋ ያላቸው ስለሆኑ በሸሪዓ የታወቁና ሊደፈሩ የማይገባቸው እንደሆኑ ወስኗል።

ይህን ውሳኔ እንቀበላለን። አንድ ነጥብ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። አካዳሚው የገንዘብ ዋጋውን የመሠረተው በዑርፍ ላይ ነው። በዑርፍ የጸና ሐቅ ወሰኑም በዑርፍና በመስለሐ ይታወቃል። የቤት ባለቤትነት ፍጹም ሐቅ ሆኖ ሳለ የጎረቤትና የመንገደኛ ሐቅ እንደሚወስነው ሁሉ የድርሰት ሐቅም ወሰን የለሽ ሊሆን አይችልም።

የጎረቤቱ ግድግዳ

ለወሰኑ የተሻለ ምሳሌ የምናገኘው ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማንም ሰው ጎረቤቱ ወራጅ እንጨቱን በግድግዳው ላይ እንዳያሳርፍ እንዳይከለክለው አዘዋል። ኢማም አሕመድ ትእዛዙን ግዴታ አድርገው ወስደውታል። ሐነፊዮች፣ ማሊኮችና በኋለኛው አቋማቸው ሻፊዒይ ግን የተወደደ ምግባር አድርገው ተረድተውታል። ግዴታ ያደረጉትም ቢሆኑ ባለ ወራጁ ችግሩ እውነተኛ እንዲሆንና ግድግዳው እንዳይጎዳ ሁኔታ አስቀምጠዋል። ወራጁ ቢያርፍም ግድግዳው የባለቤቱ ሆኖ ይቀራል፤ ጎረቤቱ ተጠቃሚ እንጂ ተጋሪ አይሆንም።

በሙወጠእ የተዘገበው የዑመር (ረ.ዐ.) ፍርድም ተቀራራቢ ነው። ደሓክ ኢብን ኸሊፋ ያወጣው የውኃ ቦይ በሙሐመድ ኢብን መስለማ መሬት ማለፍ ነበረበት፤ ባለመሬቱ ከለከለ። ዑመር ውኃው ባለመሬቱን እንደሚጠቅመው፣ ምንም እንደማይጎዳው ካረጋገጡ በኋላ ክልከላውን አልተቀበሉትም፤ ቦዩ እንዲያልፍ አዘዙ። ሁሉም ፉቀሃእ በዚህ ፍርድ ባይመሩም የተመሠረተበት ሐሳብ ግልጽ ነው፦ ባለሐቅ እርሱን የማይጎዳውንና ሌላው በብርቱ የሚሻውን ጥቅም በባለቤትነቱ ስም ብቻ ሊከለክል አይገባውም።

አሁን ምሳሌውን ወደ መጽሐፉ እናምጣ። ዓይነ ስውሩ የታተመውን ቅጂ ቢገዛ እንኳ ሊያነበው አይችልም። ወደ ብሬል ወይም ወደ ድምፅ ሲለወጥለት ከደራሲው ገበያ የሚቀነስ ገዢ የለም። ድርሰቱ በደራሲው ስም ይቀራል፤ ይዘቱም አይነካም። ወራጁ አረፈ፤ ግድግዳውም አልተናደም።

«ሰው ያንብብለት» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ይህ መልስ የጥናትን ጠባይ ይዘነጋል። ደረሳ ሙጣለዓ የሚያደርገው በሌሊት፣ ደጋግሞ፣ አንዱን መስመር አሥር ጊዜ እየተመለሰ ነው፤ ይህን ያህል የሚታገሥ አንባቢ ማግኘት ቀላል አይደለም። ከዚህም በላይ ሰው ስለ ጦሃራ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ውርስ ጉዳይ ሦስተኛ ሰው ሳይሰማው ማንበብ የሚፈልግበት ጊዜ አለ። የሌላው ውለታ ሲኖር ብቻ የሚገኝ ዕውቀት ሙሉ ዕውቀት አይባልም።

የፊቅህ ቃዒዳዎችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። በዑስማንያ መንግሥት የተዘጋጀው «መጀለቱል አሕካም» በአንቀጽ 32 ብርቱ ፍላጎት፣ የብዙዎችም ሆነ የተወሰኑ ሰዎች፣ በችግር ደረጃ እንደሚታይ ያስቀምጣል። ነገር ግን በአንቀጽ 22 በችግር የተፈቀደ ነገር በችግሩ ልክ እንደሚለካ፣ በአንቀጽ 33 ደግሞ ችግር የሌላውን ሐቅ እንደማይሽር ይደነግጋል። ሦስቱን አንድ ላይ ስናነብ የምናገኘው ፍርድ ይህ ነው፦ መለወጡ ይፈቀዳል፤ የሚፈቀደው ግን ለባለችግሩ ብቻ፣ በችግሩ ልክ ብቻ ነው፤ የደራሲው ሐቅም በቦታው ይቀራል።

የማራካሽ ስምምነትና አሠራሩ

የዓለም መንግሥታት በዚህ ጉዳይ የደረሱበት ስምምነት እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2013 በሞሮኮዋ ማራካሽ ከተማ ጸደቀ። የሚያስተዳድረው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ነው። ሃያ አገሮች ካጸደቁት በኋላ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2016 ሥራ ላይ ዋለ። ቀዳሚዋ አጽዳቂ ሕንድ ስትሆን፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና ማሊም ከመጀመሪያዎቹ ሃያ አገሮች መካከል ናቸው። የዓለም ዓይነ ስውራን ኅብረት ስምምነቱ እንዲመጣ ሲታገል ችግሩን የሰየመው የመጻሕፍት ረሃብ ብሎ ነበር።

ስምምነቱ አባል አገሮችን በሁለት ነገር ያስገድዳል። በመጀመሪያ፣ የታተሙ ሥራዎች ያለ ደራሲው ፈቃድ ዓይነ ስውራን፣ የማየት ችግር ያለባቸውና በሌላ የአካል ጉዳት ኅትመት ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ወደሚያነቡት መልክ እንዲለወጡ በሕጋቸው እንዲፈቅዱ ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ በአንዱ አባል አገር የተዘጋጀ ቅጂ ወደ ሌላው አባል አገር እንዲሻገር ይፈቅዳል። ለምሳሌ በአንድ ዓረብ አባል አገር በብሬል የተዘጋጀን የተፍሲር ኪታብ በሌላው አገር ዳግመኛ ከመጀመሪያው ማዘጋጀት አያስፈልግም።

ለደራሲውም ጥበቃ አለው። ሥራውን የሚያከናውነው ለትርፍ ያልቆመ፣ ተጠቃሚዎቹን የሚለይ፣ ቅጂው ለሌላ እንዳይተላለፍ የሚቆጣጠርና መዝገብ የሚይዝ ተቋም ነው። ለውጡ የዋናውን ሥራ ታማኝነት መጠበቅ አለበት። መጽሐፉ ዓይነ ስውራን በሚያነቡት መልክ በተመጣጣኝ ዋጋ በገበያ ላይ ካለ አገሮች ፈቃዱን ሊገድቡት ይችላሉ፤ ለደራሲው ክፍያ እንዲሰጥ መወሰንም ለእያንዳንዱ አገር የተተወ ነው። የችግሩ መኖር፣ የጉዳቱ አለመኖርና የባለቤትነቱ መጠበቅ፣ በግድግዳው ሐዲስ ዙሪያ ፉቀሃእ ያስቀመጧቸው ሁኔታዎች፣ እዚህም በሕግ ቋንቋ ተጽፈው እናገኛቸዋለን።

የአገራችን ሁኔታ

በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም ነው። አዋጁ የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት ለዕድሜ ልኩና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ለግል መገልገያ፣ ለጥቅስ፣ ለትምህርትና ለቤተ መጻሕፍት ልዩ ሁኔታዎችን ቢያስቀምጥም በወጣበት ጊዜ ለዓይነ ስውራን ለይቶ የደነገገው አልነበረም። ከዚያ በኋላ አገሪቱ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 ተቀብላለች፤ የዚህ ስምምነት አንቀጽ 30 የአእምሯዊ ንብረት ሕጎች አካል ጉዳተኞችን ከባህል ሥራዎች ያለ አግባብ እንዳያግዱ ያዛል። የማራካሽ ስምምነትንም እ.ኤ.አ. በ2020 አጽድቃለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

ይህ ለእኛ የፊቅህ ትርጉምም አለው። በአገራችን በስፋት የሚሠራባቸው የሻፊዒያና የሐነፊያ መዝሀቦች ወራጅ ማሳረፍን የተወደደ እንጂ ግዴታ አላደረጉትም እንበል። የተወደደን ነገር የአገር ሕግ ሲያጸናው ግን በሕጉ ጥላ ሥር የሚኖር ሙስሊም ውሉን ማክበር አለበት፤ ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳ መክፈቻ አማኞችን ውሎቻቸውን እንዲሞሉ አዟልና።

ሕጉ በር ቢከፍትም ግን የሚያዘገየው ቴክኒካዊ ችግር ነው። በአማርኛ ብሬል እንደ ታተመው ፊደል አንድ ሆሄ አንድ ምልክት አይደለም፤ ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ይጻፋሉ፤ «ሙ» ሁለት ምልክት ትወስዳለች። ስለዚህ መካከለኛ መጽሐፍ እንኳ ብዙ ጥራዝ ይሆናል። ኮምፒውተርና ስልክ ጽሑፍን ወደ ድምፅ ሲለውጡ ሸክሙ ይቀልላል፤ ለዚህ ግን ጽሑፉ በዩኒኮድ መጻፍ አለበት። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ በየራሳቸው ኮድ በተሠሩ የኮምፒውተር ፊደሎች የተለቀሙ ብዙ ኪታቦች አሉ፤ ድምፅ አንባቢው ፕሮግራም ሲደርስባቸው ትርጉም የለሽ ድምፅ ያወጣል። ገጹ ፎቶ ሆኖ የተቀመጠ ፋይል ደግሞ ለፕሮግራሙ ባዶ ወረቀት ነው። በቴሌግራም የሚዘዋወረው የኪታብ ፎቶ እንግዲህ ደራሲውን ይጎዳል፤ ዓይነ ስውሩንም አይጠቅምም።

ስጋቶቹና መልሳቸው

የደራሲያን የመጀመሪያ ስጋት ፋይሉ አንድ ጊዜ ከእጃቸው ከወጣ ወደ ሁሉም ይደርሳል የሚል ነው። ስጋቱ እውነተኛ ነው። መልሱ አማና ነው። ፋይሉን የሚቀበለው ተቋም አሚን ነውና ከተጠቃሚዎቹ ውጭ ቢያስተላልፍ በፊቅህ ተዓዲ ፈጽሟል፤ ለጠፋው ይጠየቃል። ዓይነ ስውሩ አንባቢም በችግሩ ምክንያት የተፈቀደለትን ቅጂ ለሚያይ ጓደኛው ቢያስተላልፍ ከችግሩ ልክ አልፏል። ለወንድሞቹም በሩን ያጠብባል።

ሁለተኛው የክፍያ ጥያቄ ነው። ደራሲው ወይም አሳታሚው ዓይነ ስውራን የሚያነቡትን ቅጂ ራሱ አዘጋጅቶ በተገቢ ዋጋ ከሸጠ ዓይነ ስውሩ እንደ ማንኛውም ገዢ ይግዛ፤ ያን ጊዜ በነጻ ማባዛት ለደራሲው ጉዳት ይሆናል። ካልተዘጋጀ ግን በማይሸጥ ነገር ላይ የቀረ ገቢ የለም።

ሦስተኛው የይዘት ታማኝነት ነው፤ ለእኛ ከሁሉም የከበደው ይህ ነው። በእስላማዊ ኪታቦች አማርኛና ዓረብኛ ይቀላቀላሉ፤ በቁርኣን አያ ወይም በሐዲስ መትን ውስጥ አንዲት ሐረካ ስትሳት ትርጉም ይገለበጣል። ስለዚህ የተለወጠው ቅጂ በዓሊም ፊት ሙቃበላ ሊደረግለት ይገባል። የቀደምት ጸሐፍት ሥርዓት እዚህ በሙሉ ኃይሉ ይመለሳል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከትነው ሁሉ የሚያስፈልገን አዲስ ፈትዋ ሳይሆን አዲስ ልማድ እንደሆነ ያሳያል። ይህን ልማድ ለመጀመር ሦስት ነገሮች ይበቃሉ። አሳታሚዎች የእያንዳንዱን ኪታብ የዩኒኮድ ፋይል አዘጋጅተው ያኑሩ። መድረሳዎችና መስጂዶች፣ የዓይነ ስውራን ማኅበራትን አማክረው፣ ፋይሎቹን በአማና የሚቀበልና ለተጠቃሚዎች ብቻ የሚያደርስ አንድ ክፍል ያቋቁሙ፤ ወጪውም ከወቅፍ ይሸፈን፤ አባቶቻችን ኪታብን ለአንባቢ ወቅፍ ያደርጉ እንደነበረው ሁሉ። ደራሲያን ደግሞ ከማስጠንቀቂያው ሥር ይህን የመሰለ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፦ «ይዘቱ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስ፣ ለዓይነ ስውራንና ኅትመት ማንበብ ለማይችሉ ወገኖች ብቻ፣ ያለ ትርፍ እስከተሰጠ ድረስ ይህ መጽሐፍ ሊያነቡት ወደሚችሉት መልክ እንዲለወጥ ኢጃዛ ሰጥቻለሁ።»

ያ በሌሊት ሙጣለዓ ማድረግ የሚሻ ደረሳ የሚጠብቀው ይህን ነው። ደራሲው በዚህ የሚያጣው ገበያ የለም፤ ኪታቡ ግን ተጨማሪ ደረሳ ያገኛል፤ ከሞቱም በኋላ የማይቋረጥ ምንዳ ይሆንለታል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ወላሁ አዕለም።